የጋሽ ይርጋ መሐላ

ጋሽ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ገለጉ ላይ፣ የቆመ የጭነት መኪና ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሾፌሩ ስልኩን ከጆሮው አነሳና፣ «እማማ፣ ያ የእርሻ ወኪል የነበሩት፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለየው ሽማግሌ፣ ዛሬ ጠዋት ሸሕዲ ላይ አረፉ አሉ» አለኝ። እኔም፣ «እንግዲያ መተማ ድረስ አልሄድም፤ ሸሕዲ አውርደኝ» አልኩት።

እኔ አንድ ቦታ የምረጋ ሰው አይደለሁም። አንዷ ልጄ ሳንጃ፣ አንዷ ገለጉ፣ አንዱ መተማ ነው። ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የሰዎቹን ስም ሁሉ እንድትለውጥ ነግሬያታለሁ። ለምን እንዳልኳት እያደር ይገባችኋል።

ጋሽ ይርጋን ያወቅኋቸው ከሸሕዲ ወዲያ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ባለቤቱ ከተማ ይቀመጣል፤ እሳቸው ወኪሉ ሆነው ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ ያሠራሉ፣ ያሰናብታሉ። እኔ ለሠራተኛው ምግብ አበስል ነበር። በዕድሜ እንኳ አይበልጡኝም፤ ግን አገሩ ሁሉ ጋሽ ስለሚላቸው እኔም ጋሽ አልኳቸው፣ በዚያው ቀረ። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም፤ አንገታቸውን ፀሐይ ልጦታል። መፋቂያዋ ሲያወሩም፣ ሲቆጡም፣ ትራክተር ላይ ሲወጡም ከአፋቸው አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ብቻ ቀጥ ትላለች። ሠራተኞቹ ይህን ያውቃሉ። «ዝም በሉ፣ መፋቂያዋ ቆመች» ይባባላሉ።

እሳቸው ዘንድ ሁለት ሕግ ነበር፤ አንዱ ለባዳ፣ አንዱ ለዘመድ። ይህስ በየቤቱ ያለ ነው፤ የሳቸው ግን የተገለበጠ ነው። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ከወሎ የመጣ ሳሉግ የጓደኛውን አጎበር ሰርቆ ተያዘ። ጋሽ ይርጋ «ትንኝ በልቶት ነው» ብለው የራሳቸውን አጎበር ሰጡትና የተሰረቀውን ለባለቤቱ መለሱ። በዚያው ሰሞን የእህታቸው ልጅ ኪስ ውስጥ ጭብጥ የማይሞላ ሰሊጥ ተገኘ፤ እየሄደ የሚቅመው ነው። ልጁን ዕቃውን አስጠቅልለው ወደ ሳንጃ ሰደዱት። እህታቸው በስልክ ብታለቅስ ምን አሏት? «ሌላው ሲሰርቅ ቸግሮት ነው። የኔ ሰው ሲሰርቅ ግን በኔ ተማምኖ ነው።»

አንድ ልጃቸው ደሳለኝ እዚያው እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። አሜኬላ የበዛበት መስመር ለሱ ነው። ውሃ ሲታደል መጨረሻ የሚጠጣው እሱ ነው። ቀልደኛ ባይሆን ኖሮ እንዴት ይችለው እንደነበር አላውቅም።

«እዚህ እርሻ ላይ የጋሽ ይርጋ ልጅ ከመሆን እባብ መሆን ይሻላል» ይላል። «ለእባብ ቢያንስ መንገድ ይለቁለታል።»

«እባብ ዛሬ ወገቤን አመመኝ አይልም» ይሉታል አባትየው።

«ወገብ ስለሌለው ነዋ!»

ሰዉ ይስቃል። እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

አንድ ቀን አልቻልኩምና፣ «ጋሽ ይርጋ፣ ይህ ልጅ ምን በደልዎ?» አልኳቸው።

«እትዬ፣ ለሱ አባቱ ነኝ። በዚህም በዚያም ይቅር ይለኛል። ይህ ሁሉ ሰው ግን ከየአገሩ መጥቶ እኔ እጅ ላይ ወድቋል። ብበድለው ማን ዘንድ ሄዶ ይከሰኛል?»

ሚስታቸው ዘውዴ ከሸሕዲ በሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች፤ ወዳጄ ናት። «ሚስቱ ባልሆን ኖሮ እንዴት በወደደኝ!» እያለች ታስቀኛለች። ግን ትኮራባቸው ነበር። የምትኮራበት አንድ ነገር ነው፤ ባሏ መዋሸት አይችልም። «ሰው ልቅሶ ሲቀር 'ታምሜ ነው' ይላል» ትለኛለች። «የኔው ጉድ ሐዘንተኛው ፊት ቁጭ ብሎ 'ረስቼው ነው' ይላል። አፉ ለውሸት አልተሠራም።»

በማዶ በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ድንበሩን አቋርጠው የመጡ ሰዎች እርሻው ላይ ይቀጠሩ ጀመር። ከነሱ አንዱ ኢድሪስ ነበር። በአገሩ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ እጁ ማጭድ አልለመደም። እኔን «ያ ሐጃ» ይለኛል፤ በነሱ ዘንድ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አጠራር ነው። ወጣት ሳለሁ ድንበሩን ወደ ገላባት ገበያ እሻገር ስለነበር ቋንቋቸውን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ፤ የነሱን ገንፎ፣ አሲዳውን፣ አንዳንዴ እሠራለት ነበር። ከደሳለኝ ጋር ወዳጅ ሆኑ። አንዱ ለአንዱ ስድብ ያስተምራል፤ ሌላ ምን ይማማራሉ!

ከእርሻችን ጎን ፈረደ የሚባል ገበሬ አለ። ሀብታም አይደለም። መሬቱን አባቱ ከደጋ ወርዶ የመነጠረው ነው። ሰሊጡን ከወንድሞቹ ጋር በገዛ ጉልበቱ ያጭዳል። ዓምና ከድንበር ማዶ የመጡ ሰዎች ከብቱን ነድተውበት ስለነበር ዘንድሮ ዓይኑ ያለው ሰሊጡ ላይ ብቻ ነው። ኅዳር ገብቷል፤ አጨዳው አልቋል። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው እየታሰረ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። ፀሐይ ሲመታው ፍሬው አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ሂላ አጠገብ ሰው በዝግታ ነው የሚሄደው። ከነካኸው ዘሩ መሬት ይፈሳል፤ እሳት ካየ ደግሞ ዘይት ነው፣ በቃ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከአህያዬ ጋር ውሃ ቀድቼ እየመጣሁ ነበር። ጋሽ ይርጋ ከትራክተሩ ተጎታች ላይ ቆመው ወደ ፈረደ እርሻ ያያሉ። በዳርቻው ዲማ የሚባለው ሆዱ ክፍት የሆነ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ውስጡ ንብ ይገባበታል። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ሁለት ሰዎች ከሥሩ ናቸው። አጭሩ የሣር ችቦ ይዞ ንቡን ያጨሳል፤ ረጅሙ ጀሪካን ይዟል። አጭሩ ደሳለኝ፣ ረጅሙ ኢድሪስ። ማር ሊቆርጡ ነው። ንቡ ሲወጣባቸው ደሳለኝ ችቦውን ጣለ። ሁለቱም ሮጡ። ሣሩ ደረቅ ነው። ጭሱን አይቼ ሳልጨርስ እሳቱ ሂላው ውስጥ ገብቷል።

ጋሽ ይርጋ ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እሳቸው አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ፤ ማየቴንም አይተዋል።

ሰዉ ሁሉ ቅጠልና አፈር ይዞ ሮጠ። ኢድሪስና ደሳለኝም ከሁሉ ቀድመው እሳቱ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ፀጉራቸው እስኪለበለብ አጠፉ። ከፈረደ ሰሊጥ ግን የተረፈ የለም። ፈረደ አመዱ መሐል ቆሞ አላለቀሰም። «ሱዳን ነው» አለ። «ዓምና ከብቴን፣ ዘንድሮ ሰሊጤን።» ወንድሞቹ ክላሻቸውን ይዘው ወደ ሱዳኖቹ ጎጆ ሊሄዱ ሲሉ የአገሩ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተኙባቸው። «ረግጣችሁን እለፉ። አለዚያ አውጫጭኝ ይቀመጥ!»

አውጫጭኝ ለማታውቁት፥ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። አንድ በአንድ እየተነሳ፣ እጁን መስቀል ላይ አድርጎ፣ ያየውን የሰማውን ይናገራል። አጥፊው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው ከደበቀ በራሱም በዘሩም ላይ ረገመ ማለት ነው። በኛ በኩል ሴት አይጠይቁም። እኛ ራቅ ብለን እንቆማለን።

በማግስቱ ጠዋት ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ፤ መስቀሉን የያዙት የአጥቢያው ቄስ ናቸው። የፈረደ ወንድሞች ሱዳኖቹን ለብቻ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ ኢድሪስ ከዳር ነው። ወደ ግራሩ ሲሄዱ ጋሽ ይርጋን መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው።

«ምን ሊሉ ነው?»

«ያየሁትን።»

«ያዩትን ሁሉ?»

መፋቂያዋ ቀጥ አለች። አልፈውኝ ሄዱ።

ሰዉ እየተነሳ ይምላል። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» በእያንዳንዱ «አላየሁም» የፈረደ ወንድሞች ወደ ፀሐዩ በኩል ዞር ብለው ያያሉ። ታናሹ፣ «ምን ያደክመናል? አጥፊው እነሆ ተቀምጦ!» አለ። ቄሱ ተቆጡት። ዘውዴ ከኔ ጎን ቆማ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛለች። ልጇን አልጠረጠረችም። የምትፈራው ለነዚያ ፀሐይ ላይ ለተቀመጡት ነበር። «ፈረደ ምስኪን፣ እነዚህም ምስኪን፤ ዛሬ ሰው ይሞታል» አለችኝ።

የጋሽ ይርጋ ተራ ደረሰ። መፋቂያቸውን አውጥተው ኪሳቸው ሲከቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጃቸውን መስቀሉ ላይ አደረጉ።

«ያዩት አለ?» አሉ ቄሱ።

«አለ። ደሳለኝን አይቻለሁ። ዲማው ሥር፣ ችቦ ይዞ። ማር ሊቆርጥ ነው። ልጄ ነው።»

ዘውዴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ገባ።

«ሌላ ሰው ነበረ?»

«ሌላ ሰው አላየሁም።»

እጃቸው መስቀሉ ላይ ነው።

ፈረደ ተነሳና ደሳለኝ ፊት ቆመ። «አንተ! ብቻህን ነበርክ?» ደሳለኝ አባቱን አየ። ከዚያ ማዶ ኢድሪስ ጉልበቱ ከመሬት ሲነሳ አየሁ፤ ሊቆም ነው። ቋንቋው ባይሞላለትም የተባለው ገብቶታል። ደሳለኝም አየውና ቶሎ ብሎ፣ «ብቻዬን ነበርኩ። ለሱዳን ደግሞ ማር ላካፍል ኖሯል?» አለ፤ በዚያ በሚያሾፍበት ድምፁ። ኢድሪስ መልሶ ተቀመጠ። አንዳንዱ ሰው ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው መሰለኝ የፈረደን ታናሽ ወንድም ያሳበደው። ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ በክላሹ ሰደፍ ፊቱን መታው። ደሳለኝ ግራ ዓይኑ በዚያው ጠፋ።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰሊጡን ካሳ በዓይኑ ካሳ አቻቻሉት። ፈረደም ተቀበለ፣ ጋሽ ይርጋም ተቀበሉ። ደም አልፈሰሰም ተባለ። ዘውዴ ብቻ፣ «ታዲያ ይህ ከልጄ ፊት የወረደው ምንድን ነው?» አለች።

ልጁ ሐኪም ቤት ሲተኛ እኔና ጋሽ ይርጋ ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዋልን። እኔም አላሳለፍኳቸውም።

«ኢድሪስን ደበቁት።»

«ደበቅኩት።»

«ታዲያ ሁለቱንም አላየሁም ቢሉስ? ከዋሹ አይቀር!»

«ያን ብል ፈረደ የት ይሄድ ነበር?» አሉኝ። «ወደ ሱዳኖቹ ጎጆ። ሽማግሌ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ይተኛል? አንድ ስም ያስፈልግ ነበር፣ እትዬ። የሰጠሁት ደግሞ ከራሴ ነው። ደሳለኝ ቢመታ የሚያነሳው፣ ቢታሰር ስንቅ የሚያመላልስለት አለ። የዚያን ልጅ ስም ባነሳ ከግራሩ ሥር አይወጣም ነበር። እሱ ብቻም አይደለም፤ ጎጆ ውስጥ ያሉት ሁሉ።»

«ደሳለኝ የራስዎ ነው? ልጅ እንደ በሬ የራስ ነው?»

ወደ ሐኪም ቤቱ በር ዞር አሉ። ከዚያ፣ «እሱን እኔም እየጠየቅሁ ነው» አሉ።

ለቄሱ መናገር አለመናገራቸውን አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ቄስ ሁሉ መሐላ አይከፈልም፣ ግማሹን የዋሸ ሁሉንም ዋሽቷል ይላሉ። የመተማው ልጄ ደግሞ ከኔ ሰምቶ፣ «ሰውዬው ትክክል ነው፤ አንድ ዓይን ከስንት ነፍስ!» አለኝ። እንዲህ ሲል ሁለቱ ዓይኖቹ ደህና ናቸው። እኔ በየመንገዱ ይህን ነገር እያነሳሁ እጥላለሁ፤ አንድ ቀን ለዘውዴ እፈርዳለሁ፣ አንድ ቀን ለሳቸው።

ኢድሪስ ሊናገር ፈልጎ ነበር። ጋሽ ይርጋ ከለከሉት። «የተከፈለበትን አታበላሽ» አሉት። እሱም ሸሕዲ ገብቶ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረ። ከደሳለኝ ጋር አልተለያዩም።

ዘውዴ ግን ባሏን ትታ ሳንጃ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሄድኩ ቁጥር አገኛታለሁ። አትረግማቸውም። «ሌላ አባት ቢሆን 'አላየሁም' ብሎ ልጁን ያተርፍ ነበር» ትላለች። «የኔው አፉ እምቢ ይለዋል። ዕውር ሰው አላየኸኝም ተብሎ ይከሰሳል?» የቆመችው በዚህች ላይ ነበር። እኔ የኢድሪስን ነገር አልነገርኳትም። ምን ልበላት?

ያን የሞታቸውን ቀን ሸሕዲ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሬሳው ግን ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ሙቀቱን እያሳዩ ይማጠናሉ፤ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እናቴ ይቅር ሳትለው አይወጣም» ይላል። ዘውዴ ደርሳለች። ግን ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አልተቀመጠችም። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር አገኘኋት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«መጣሽልኝ» አለች። «አንቺን ስጠብቅ ነው። እነሱ ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፣ ይቅር በዪ፣ ይቅር በዪ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ምን?»

«ዕድሜዬን ሁሉ አፉ ለውሸት አልተሠራም ስል ኖርኩ። መንገድ ላይ ስመጣ ልቤ ተጠራጠረ። ቢችልስ? መዋሸት እየቻለ ልጄን አሳልፎ ሰጥቶ ከሆነስ? እንዲያ ከሆነ እዚያው ይበስብስ፤ አልምረውም። ካልቻለ ግን ምን ያድርግ!» እጄን ያዘች። «እዚያ ነበርሽ። ታውቂዋለሽ። መዋሸት ይችል ነበር?»

ቀና ስል ኢድሪስ ለለቀስተኛው ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ በግቢው ያልፋል። ከጠዋት ጀምሮ እንዳለቀሰ ፊቱ ይናገራል። የዘውዴን ቃል ሰምቶ ቆመ። አማርኛው አሁን ሙሉ ነው። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ከበሩ በኩል ደሳለኝ በአንድ ዓይኑ ወደኔ ያያል፤ አላርገበገበውም።

እጇ እጄ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ይሰማኛል።

«አይችሉም ነበር» አልኳት። «አንቺ ታውቂያቸው የለ።»

ዘውዴ እጄን ለቀቀች። ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ነው እንባዋ የመጣው፣ ያ ሁሉ ዘመን የተጠራቀመው። «እግዜር ይማርህ» አለች። «እኔም ምሬሃለሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ ኢድሪስን አየችው።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለቀስክለት? ይገባዋል፤ ለሰው ደግ ነበር። ና፣ ፊትህን ላስታጥብህ።»

ጣሳ ከጀሪካኑ ሞልታ አዘነበለች። እጁን ዘረጋላት። ውሃው መዳፉ ውስጥ አይያዝለትም። ከንፈሩ ተከፈተ። እሷን አየና መልሶ እኔን አየ።

«ያ ሐጃ…» አለ።

«ታጠብ፣ ልጄ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበ። ዘውዴ ጣሳውን ሁለተኛ ሞላችለት።

ደሳለኝ ከበሩ ተጣራ። «እማዬ፣ ይውጣ?»

ጣሳውን ኢድሪስ እጅ ላይ ተወችው። «ይውጣ» አለች፣ እና ወደ ሬሳው ቀድማ ገባች።